የመምህር ሽብሩ ጠጠር

«እዚህ ቤት ሌላ ጠረጴዛ የለም እንዴ?» አለች ጵርስቅላ፣ ሁለት ፔርሙዝ በአንድ እጇ አንጠልጥላ።

መልስ አልጠበቀችም። የእህቶች ጸሎት ቡድን ሰብሳቢ ከሆነች ወዲህ በሆሳዕና ከተማ ሳታንኳኳ የምትገባበት በር ብዙ ነው። በጓሮ በኩል ያለችውን ጠባብ ክፍል ገፋ አድርጋ ገባች።

ገነቴ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ልትከለክላት ፈለገች፤ አቅም አጣች። ባሏ መምህር ሽብሩ ከተቀበረ ወዲህ ሰው አላቋረጠም። ከጊምቢቹ የመጡት ዘመዶች ገና መሄዳቸው ነበር፤ የሞርሲቶዎቹ ደግሞ መንገድ ላይ ናቸው ተብሏል። ለሚመጣው ሁሉ እንደ አዲስ ታለቅሳለች፤ «ማታ ደህና ነበር፣ እራቱንም በልቷል» ብላ ትጀምራለች። ሰው ሞተበት ማለት ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ሲደጋግሙ መዋል መሆኑን ማንም አልነገራትም ነበር። እንቅልፍ ብቻ ነበር የሚያምራት።

ጵርስቅላ ባዶ እጇን ተመለሰች። ፔርሙዞቹን እዚያው ትታቸዋለች።

«ገነቴ» አለች ጎንበስ ብላ። «ያ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ጠረጴዛው ላይ ያለው። ጠጠሩ።»

ገነቴ ዝም አለች። የማታውቀውን ነገር ምን ትበል? ጵርስቅላም ዝምታውን እንደ መልስ ወስዳ ወጣች።

ወሬው በድንኳኑ ውስጥ ከንፍሮው ቀድሞ ተዳረሰ። መምህር ሽብሩ ጠጠር ይጥል ነበር። ያውም ብቻውን አይደለም፤ ከመናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ካለው ከዳኘ ጋር። አንድ ስሙን ያልሰማነው ሰውዬ ወዲያው ትዝ አለውና «ልጄ ፈተና እንደምትወድቅ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር» አለ። ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ደብተር ከፍታ እንደማታውቅ ያው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ግን ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለውን ነገር ማን ያነሳል? ዳኘ ድንኳኑ ጥግ በየቀኑ ከሚቀመጥባት አግዳሚ ላይ ነበር። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ፈቀቅ ሲሉለት ወንበሩ ሰፋው፤ ቡናውን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ።

ገነቴ ግን በወሬው አልተደነቀችም። የገረማት ነገር ቢኖር እስከዛሬ መቆየቱ ነው።

ከጃጁራ ወዲያ ባለው ቀበሌ የአባቷ ቤት የታወቀ ጠጠር ጣይ ቤት ነበር። ከብት የጠፋበት፣ ልጅ የታመመበት፣ ሚስቱን የተጠራጠረ ሁሉ ማለዳ ደጃቸው ላይ ይቆማል። ጠጠሮቹን ከወንዝ የምትለቅመውም የምታጥበውም እሷ ነበረች። ጌታን ተቀብላ ከዚያ ቤት ስትወጣ አባቷ በሀዲይኛ ረገማት፤ እርግማኑን ለማንም ተርጉማ አታውቅም። ከዚያ የታሪክ መምህር አገባች። ሽብሩ ካርታ ላይ የሌለን ነገር የማያምን ሰው ስለነበር ከእንዲህ ያለው ነገር ያመለጠች መስሏት ኖረች።

ጡረታ በወጣ ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዳኘ በአጥሩ በኩል ብቅ ሲል ሽብሩ እየሳቀ «ገነቴ፣ ቡና ላኪልን፤ ዛሬ ጠጠር እንጥላለን» አላት። እሱ መቀለዱ ነበር። እሷ ግን የያዘችውን ሲኒ መልሳ አስቀመጠችው። ቡናውን በልጃቸው በአቢጋኤል እጅ ላከች፤ ከዚያ ወዲህ ያቺ የጓሮ ክፍል ውስጥ እግሯ ገብቶ አያውቅም። ጠርገህ ውጣ ትለዋለች እንጂ አትጠርግም። በበሩ ስታልፍ አጥንት የሚመስል ነገር ጣውላ ላይ ሲንከባለል፣ ዳኘ ሲያንሾካሹክ፣ ሽብሩ «ኧረ አልሆነም» ብሎ ሲያቃስት ትሰማለች። ለምን አልጠየቀችም? መልሱ እውነት እንዳይሆን ፈርታ ነዋ።

በግልጽ የምታውቀው መጽሐፎቹን ነው። ዳኘ ከስልክ እያወረደ ያትማቸዋል፣ በስፒራል ይጠርዛቸዋል፤ ሁሉም ጦርነት፣ ሁሉም እንግሊዝኛ። አንድ ቀን መሯት «ጦርነት በሬዲዮው አልበቃህም ወይ?» አለችው።

«የሬዲዮው መጨረሻው አይታወቅም» አላት መነጽሩን ሳያወልቅ። «የመጽሐፉ አልቋል።»

እሱ ራሱ በደርግ ጊዜ ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር። ዋለ የሚባል ታላቅ ወንድሙም አብሮት ነበር። ሽብሩ አንድ ጆሮው ደንቁሮ ተመለሰ፤ ዋለ አልተመለሰም፤ ሬሳ የሌለው ለቅሶ ተቀመጡለት። ከዚያ በላይ ሽብሩ የተናገረው የለም። ጠይቃው ታውቃለች፤ «ጊዜው አለፈ» ይላል፣ የደነቆረውን ጆሮውን ያዞርባታል።

ወሬው በተነዛ ማግስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ጋሽ ሲላስ መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ከብት ሕክምና ሲሠሩ የኖሩ ስለሆኑ ሰውንም የሚያነጋግሩት እንዳይደነብር በዝግታ ነው። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተናገሩ።

«እህቴ፣ ቅዳሜ ድንኳኑ ሲነሳ ያቺ ክፍል ይጸለይባት ተብሏል። ዕቃውም ይቃጠል። እሁድ ሊነገርለት የታሰበው ምስክርነት ደግሞ... ለጊዜው ይቆይ።»

ገነቴ የገባት የመጨረሻው ነው። ሽብሩ የቤተ ክርስቲያኒቱን ግማሽ ወጣት ያስተማረ ሰው ነው። እሁድ ስሙ ካልተነሳ ከተማው የሚያነሳለት ሌላ ስም አለ። «ጠጠር ጣዩ» ይባላል፣ እሷም የጠጠር ጣይ ልጅ፣ የጠጠር ጣይ ሚስት። ሰውዬው እንደዚያ አልነበረም ብላ መጮህ ፈለገች። ግን ምን እንደነበረ መች ታውቃለች? «እሺ» አለች።

አቢጋኤል ዱራሜ ሆስፒታል ነርስ ናት። እናቷ አጠገብ ተቀምጣ የአባቷን ስልክ ትነካካለች። ስልኩ ሰሞኑን ሲንጫጫ ነው የከረመው።

«እማዬ፣ ይሄ የቴሌግራም ቡድን አያርፍም እኮ። የጦር ታሪክ የሚያነቡ ሰዎች ናቸው። በየወሩ አንዱ ‹አሁን ምን እያነበባችሁ ነው?› ብሎ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል።»

«ምን ይላሉ?» አለች ገነቴ። ማወቅ ፈልጋ አይደለም፤ የልጇ ድምፅ ከለቀስተኛው ድምፅ ስለሚሻል ነው።

«የባሕር ዳሩ ሰውዬ ስለ መርከብ ውጊያ እያነበብኩ ነው ይላል።»

«የት ያለ ባሕር አይቶ ነው?»

«ሌላው ደግሞ ስንቅ ስለሚጭኑ በቅሎዎች። ሃቢባ የምትባል አለች፣ ወራቤ መድኃኒት ቤት ያላት፤ የጠላትን የሬዲዮ መልእክት ስለሚፈቱ ሰዎች እያነበበች ነው። ከታች ‹ጋሽ ሽብሩስ? ሰሞኑን ጠፉ› ብላለች። ምን ልበላት?»

«እውነቱን ንገሪያት።»

ጻፈችላት። መልሱ ተከታትሎ መጣ። ነፍስ ይማር ያለው ብዙ ነው። አቢጋኤል የሃቢባን ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ማንኛውንም መጽሐፍ ስትጀምሪ የማፈግፈጉን ምዕራፍ አስቀድሚ ይሉኝ ነበር። ያሸነፈማ ዝም ብሎም ያሸንፋል፣ ሰው ይዞ መውጣት ነው ሙያ ይሉ ነበር። ከጋሽ ዳኘ ጋር የጀመሩት ጨዋታስ? ወንዙን ተሻገሩ?»

ገነቴ ከፍራሹ ቀና አለች።

«ጨዋታ?»

«እንደሱ ነው የሚለው።»

«ሂጂ ዳኘን ጥሪልኝ። ጋሽ ሲላስም ይምጡ።»

ዳኘ መጣ፤ እጁ ላይ የማተሚያ ቀለም ነበረበት። ጋሽ ሲላስ ደረሱ፤ ጵርስቅላም ሳትጠራ ተከተለች። ገነቴ ደጃፉ ላይ ቆመች፣ ወደ ውስጥ አልገባችም። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ወረቀት ተወጥሯል፤ በቡኒ እርሳስ ኮረብታ፣ በሰማያዊ ወንዝ፣ ሁሉም እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ቤት ተከፋፍሏል። ጥቁርና ነጭ ጠጠር ተደርድሮበታል። ጥጉ ላይ ሁለት ባለ ነጥብ የሉዶ ጨዋታ ዳይስ አለ። ፔርሙዞቹም እዚያው ወለሉ ላይ ነበሩ።

«ንገራቸው» አለችው ዳኘን። «ለእኔም።»

ዳኘ ግራ ተጋብቶ አያቸው። «ይሄ እኮ ጨዋታ ነው። ጠጠሯ አንድ ጓድ ናት፣ ወታደር። መጽሐፍ እናነባለን፣ ከዚያ ያነበብነውን ጦርነት እዚህ እንሞክረዋለን።»

«ዳይሱስ?» አለች ጵርስቅላ።

«ዕድል ናት። ዝናብ፣ የጠፋ መልእክት፣ ያንቀላፋ ዘበኛ። ጦርነት ላይ እቅድ ብቻውን አይበቃም።»

«ዕጣ ነው እንግዲህ» አሉ ጋሽ ሲላስ።

«ሐዋርያው ማትያስም በዕጣ ነው የተመረጠው፤ እኛ ኦርቶዶክሶች ጋ ይነበባል። እናንተ ጋም የሚነበብ መስሎኝ።»

ጋሽ ሲላስ ሳል አሉ፤ ሳቃቸውን የደበቁበት ሳል ነበር። ወረቀቱን ጠጋ ብለው አዩና «ይሄኛው የየት ሀገር ጦርነት ነው? ከየትኛው መጽሐፍ?» አሉ።

ዳኘ መልስ ከመስጠቱ በፊት ገነቴን አያት።

«ይሄ ከመጽሐፍ አይደለም። ራሱ ነው የሳለው። ወንዙ ሰሜን ያለው ወንዝ ነው። ሻለቃው ሲያፈገፍግ ሌላው እስኪሻገር ሽፋን ስጡ ተብለው የቀሩ ነበሩ። ዋለ ከነሱ ጋር ቀረ። ሽብሩ ተሻገረ።» ከወንዙ ወዲያ ማዶ ብቻዋን ያለችውን ነጭ ጠጠር አሳየ። «ዋለ ያቺ ናት። ሽብሩ ሁልጊዜ የሚሸሸውን ወገን ነው የሚይዘው። አንድ መጽሐፍ በጨረሰ ቁጥር አዲስ ዘዴ አገኘሁ ብሎ ይመጣል፤ ሩሲያ በረዶ ውስጥ እንዲህ አድርገው ነው የወጡት፣ በሌሊት እሳት አንድደው ትተው ነው የወጡት ይላል። ይሞክረዋል። አይሆንም።»

«አንድ ቀን እንኳ አልሆነም?» አለች ገነቴ።

«አንድ ጊዜ ሆኖለት ነበር። ‹አዝነህልኝ ነው› ብሎ ወረቀቱን ገለበጠው። እንደገና ደረደርን።» ዳኘ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «እውነትም አዝኜለት ነበር።»

ገነቴ ተናደደች። ሀዘን ሳይሆን ንዴት ነው ቀድሞ የመጣው። እሷ በዚህ በር ስታልፍ በልቧ ጋኔን ስትገሥጽ፣ እሱ ከበሩ ጀርባ ወንድሙን ወንዝ ሊያሻግር ይታገል ነበር። ቢነግራት ምን ነበረበት? ብትጠይቀውስ ምን ነበረባት? አንድ አልጋ ላይ እየተኙ እሱ ዝም፣ እሷ ዝም። ከዚያ ንዴቱም ደከመና ሽብሩ ብቻ ቀረ። አሳዘናት፤ ከሞተ ወዲህ እንዲህ አላሳዘናትም ነበር።

«ተራው የማን ነው?» አለች።

«የሱ ነበር።»

ደጃፉን ተሻግራ ገባች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ የሱን ሰውነት ለምዶ የጎደጎደ ወንበር ነው። ጓዳ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ድምፅ ሰምተው በሩ ላይ ተሰብስበዋል።

«ገነቴ» አለች ጵርስቅላ፣ «ሰው እያየ ነው።»

«ይይ።» ወደ ዳኘ ዞረች። «ስንት ሲወጣ ነው የምትሻገረው?»

«በአንዱ ዳይስ ነው። አምስት ወይ ስድስት።»

አንዱን አነሳች። ከአባቷ ቤት ከወጣች ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር በእጇ ነክታ አታውቅም። ጣለችው። አጣጣሉን ስላላወቀችበት ዳይሱ ወረቀቱን አቋርጦ ሮጠ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ወደቀና ጋሽ ሲላስ እግር ሥር ሲደርስ ቆመ።

ሁሉም ወለሉን አየ። ሁለት ነጥብ ነበር።

ጋሽ ሲላስ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ፣ አነሱት።

«እኛ ሉዶ ስንጫወት መሬት የወደቀ አይቆጠርም ነበር» አሉ። «እናንተ ጋስ፣ ዳኘ?»

ዳኘ ከወንዙ ማዶ ያለችውን ነጭ ጠጠር አየ። «አይቆጠርም» አለ።

ሽማግሌው ዳይሱን በኮታቸው ጫፍ ጠረጉና መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

«ድገሚ፣ ልጄ» አሉ።