ሳይጠየቅ የሚናገር

ከግራዋ በኩል አንድ ወንበር ሲጥ አለ። ሺፍራ ጆሮዋን አቀናች፤ የሚናገር ግን የለም። ሰው መኖሩን ታውቃለች፤ የእርጥብ ካፖርት ሽታ አለ፣ ጉሮሮውን የሚጠርግም አለ። ማን እንደሆኑና ስንት እንደሆኑ ግን የምታውቅበት መንገድ የላትም። በአይሁድ የለቅሶ ወግ ደራሹ ቀድሞ አይናገርም፤ ሐዘንተኛው አፉን እስኪከፍት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሐዘንተኛዋ ደግሞ ዓይነ ስውር ናት፤ ማንን ብላ ታናግር? እነሱ እሷን፣ እሷ እነሱን ስትጠብቅ፣ አባቷ ሼልደን በተቀበረ በማግስቱ ቤቱ ሙሉ ሰው ይዞ ጭጭ ብሏል። አክስቷ ጎልዲ፣ ቀድማ የሞተችው እናቷ እህት፣ ጓዳ ሆና ሰው ያመጣውን ምግብ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለመጠቅጠቅ ትታገላለች።

የውጭው በር ተከፈተ።

«ኦወን ነኝ» አለ አንድ ድምፅ ጮክ ብሎ። «በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ብርቱካን ይዣለሁ፤ ፍራፍሬ ከሆነ አይሁድ ቤት ችግር የለውም ብለውኛል።»

አንዲት ሴት «እሽሽ» አለች። ኦወን ፍሪሰን የሺፍራ የዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት አጋር ነው፤ የሜኖናይት ክርስቲያን ገበሬዎች ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ እንኳ ድምፁ የሚጠፋ። ዛሬ ግን አላፈረም።

«ሺፍራ፣ ከግራሽ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ከፊትሽ ሁለት። አንደኛው ሽማግሌ ሰማያዊ ሹራብ ለብሰዋል። ስማቸውን አላውቅም።»

«ሞሪስ ነኛ» አሉ ሽማግሌው። «አንድ ሰዓት ሙሉ እዚህ ተጎልቼ ጉልበቴ አለቀ እኮ። እናውራሽ እንዴ ልጄ?»

ሺፍራ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። ሌሎቹም ተራ በተራ ስማቸውን ነገሯት። ከሰዓት በኋላ ጎልዲ በሩ ላይ «ስትገቡ ስማችሁን ተናገሩ» የሚል ወረቀት ለጠፈች።

የሁለቱ ፕሮጀክት ለዓይነ ስውር ሸማቾች ነው፤ ደረት ላይ የሚንጠለጠል፣ መደርደሪያውን እያየ በጆሮ የሚናገር ትንሽ ካሜራ። ዕቅዱ ከለቅሶው ቀጥሎ ባለው ዓርብ ካልገባ ነገሩ አበቃ። ሁሉም ተጽፎ አልቋል፤ ያላስማማቸው አንድ መስመር ብቻ ነው። ሺፍራ «ሳይጠየቅ አይናገርም» አስጽፋለች። ኦወን አልተዋጠለትም።

«መኖሩን ያላወቅሽውን ነገር እንዴት አድርገሽ ትጠይቂያለሽ?» ብሏት ነበር።

«አንተ ከአባቴ ጋር ገበያ አልወጣህማ» አለችው።

ሼልደን በካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ የአውቶቡስ ነጂ ነበር። ማሽን ፌርማታ መጥራት ከጀመረ በኋላም እሱ መጥራቱን አልተወም፤ «ማሽኑ ዳቦ ቤቱ ዛሬ ምን እንደጋገረ አይናገርም» ይላል። ሐሙስ ሐሙስ ልጁን ክንዱን አስይዞ ሱፐርማርኬት ሲገባ ደግሞ አንደበቱ አያርፍም። «ሺፍሪ፣ አዲስ ሰናፍጭ መጥቷል፤ ማር ያለበት። ሥዕሉ ላይ ያለችው ንብ ባርኔጣ አድርጋለች። ንብ ባርኔጣ ምን ያደርግላታል?» ሰው ሁሉ ዞሮ እያያቸው እንደሆነ ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ታፍራለች። ሊሞት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጨክና «አባባ፣ ስፈልግ እጠይቅሃለሁ» አለችው።

«እሺ የኔ እመቤት» አለ።

እሺ ብሎም አልቀረ፣ እውነትም ዝም አለ። አራት ዕቃ ገዝተው በአሥር ደቂቃ ወጡ፤ ከጋሪው ጎማ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። በሳምንቱም እንዲሁ። ሰኞ ጠዋት መሪ እንደያዘ ልቡ ቆመ። አውቶቡሱን ዳር አስይዞ፣ በሩን ለተሳፋሪዎቹ ከፍቶላቸው ነው የሞተው አሉ።

ለቅሶ ቤቱ ዝም ሲላት ነው ያ ዝምታ ምን እንደነበር የገባት። ሱቁ ሞልቶ ሳለ፣ በገዛ አፏ ባዶ አድርጋው ነበር።

በአምስተኛው ቀን «ዲቪና ነኝ፣ ከሱፐርማርኬቱ፤ ካሸሯ» የሚል ድምፅ ገባ። ሴትዮዋ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት። «አባትሽን እንዴት እረሳቸዋለሁ? ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ ሲወጡ ከነዩኒፎርማቸው ከች ነው።»

«ሐሙስ ማለትዎ ነው?»

«ሐሙስማ ካንቺ ጋር። ረቡዕ ብቻቸውን ነው። መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር እየዞሩ ካርድ ላይ ይጽፋሉ፤ የሚገዙት አንድ ከረሜላ። አንዴማ ጥበቃው ሌባ መስለውት ሲከተላቸው ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ‹መነጽሬን ረስቼ ነው፤ በል ይቺን አንብብልኝ›። ምን እየሠሩ ነው ብዬ ስጠይቃቸው ‹ነገ ልጄ ትመጣለች፤ የምነግራት እንዳላጣ ነው› አሉኝ።»

ሺፍራ ወደ ድምፁ ዞረች። «ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ ነው?»

«ሰኞ ሊያርፉ፣ ረቡዕ ነዋ።»

ዝም በል ካለችው በኋላ ነው።

ጎልዲ የመጨረሻውን ካርድ ከሼልደን ዩኒፎርም ኪስ አገኘችው። ሺፍራ ጣቷን አሳለፈችበት፤ ብዕር ተጭኖ ይጽፍ ስለነበር መስመሩ ይዳሰሳል፣ ፊደሉ ግን አይለይም። ያን ሐሙስ ክንዱን ይዛ ስትሄድ ካርዱ ከእጇ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም ነበር።

«ላንብብልሽ?» አለች ጎልዲ።

«እዚህ አይሆንም።»

«በራስሽ ተናደሽ ነው አይደል?»

«አዎ» አለች ሺፍራ። ካርዱን ኪሷ ከተተችና «ግን አክስቴ፣ እንዲህ ያለ አባት የደረሰው ሰው ስንት አለ? ከቁጭቴ ምስጋናዬ ይበልጣል» አለች።

ወዲያው ለኦወን ደወለች። «ያንን መስመር ሰርዘው።»

«ምን ልተካበት?»

«ዝም በል ካልተባለ ይናገር። ዝም በል ቢባልም፣ ማየቱን ግን አያቋርጥ።»

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሞሪስ መጥተው «በይ ልጄ፣ ተነሺ» አሏት። በወጉ ሰባቱን ቀን ጨርሶ ከሐዘን ወንበር የተነሣ ሰው ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሮ ይመለሳል። ኦወን ክንዱን ሰጣት፤ ጎልዲ ከኋላ ተከተለች። ማዕዘኑ ጋ ሲደርሱ ሺፍራ አልታጠፈችም። «ቀጥ በል» አለችው፤ ሱፐርማርኬቱ ሁለት መንገድ አልፎ ነው።

«ምን ልፈልግልሽ?» አለ ኦወን መደርደሪያዎቹ መሀል ሲገቡ።

«ምንም።» ካርዱን ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። «ጮክ ብለህ አንብበው።»

ጉሮሮውን ጠረገ። የሼልደንን ያህል ባይሆንም ሰው በሚያዞር ድምፅ «የኮክ ማርማላታ፣ ዝንጅብል ያለበት» አለ። «ጠርሙሱ ስድስት ጎን ነው። ‹ከጠየቀች ብቻ› ይላል ከሥሩ።»

ጋሪ የሚገፉ ሰዎች ቆሙ። ሺፍራ ሰማቻቸው፤ ግድ አልሰጣትም።

«የት ጋ ነው?» አለች።

እጇን መርቶ አደረሳት። ጠርሙሱ ቀዝቃዛ ነበር። በአውራ ጣቷ ጎኖቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።