ሺዕራ ወጣች

ለጢፋ ድካም ከያዛት ስንት ጊዜዋ እንደሆነ መቁጠር ትታለች። መንደራ ቆጪ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከባጃጆቹ መቆሚያ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በአባቷ ግቢ በር ላይ ያለችው ክፍል የስፌት ቤቷ ናት። ከጓሮ ያሉትን ክፍሎች ለተማሪ ታከራያለች፤ ዋናው ቤት ውስጥ ደግሞ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። ጠዋት የተማሪ ዩኒፎርም፣ ከሰዓት የሰው ቀሚስ ማጥበብ፣ ማታ እራት። ሰው ሲሞት እንኳን ለቅሶ የምትደርሰው ክር ልብሷ ላይ ተንጠልጥሎ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የአባቷ ዓይን ተጨመረ። ከተማው ሹፌር ጀማለዲን ይላቸዋል፤ መኪና መንዳት ካቆሙ ዘመን ቢያልፍም ሹፌርነቱ ከስማቸው አልወረደም። ዘንድሮ ብርጭቆ ሊያነሱ ሲሉ እጃቸው አጠገቡ ያርፋል፤ በር ሲገቡ ትከሻቸው መቃኑን ይመታል። እህቷ አፊፋ ከጅዳ በደወለች ቁጥር፣ "አባን ሐኪም ቤት ውሰጂያቸው፣ ማሎ፣ እባክሽ" ትላለች። ከጅዳ ሆኖ ሐኪም ቤት መውሰድማ ምን ችግር አለው፤ አፍ ብቻ ነው የሚሠራው። ለጢፋ ግን ወረፋው፣ የሚዘጋው ስፌት ቤት፣ የሚቆጣው ደንበኛ አንድ በአንድ ይታያታል። ደግሞም እምቢ የሚሉት ራሳቸው ናቸው።

"ዓይኔ ምን ሆነና? ሺዕራን እያየሁ፣ ምን ሐኪም ያስፈልገኛል?"

ሺዕራ ኮከብ ናት፤ በሰማይ ካሉት ከዋክብት ሁሉ የደመቀችው። መግሪብ ተሰግዶ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር ብቅ ትላለች። በእሷ ዓይንን መፈተን ደግሞ የድሮ ቡና ጫኝ ሹፌሮች ልማድ ነው። ከአጋሮና ከጌራ ጭነው ሌሊቱን ሊነዱ ሲሉ፣ ከመነሳታቸው በፊት ሁሉም ከመኪናው ወርዶ ይቆማል። አንጋፋው ሹፌር፣ "ሺዕራ የት አለች?" ይላል። ማሳየት ያልቻለ ቁልፉን ለሌላ ይሰጣል፤ ጭቅጭቅ የለም። ቡና በሚጫንባቸው ወራት ኮከቧም የምትወጣው በምሽት ስለሆነ፣ ፈተናው ከሥራው ጋር የተስማማ ነበር። ሹፌር ጀማለዲን በዚህ ፈተና ወድቀው አያውቁም። አሁንም ማታ ማታ በረንዳው ላይ ቆመው፣ አገጫቸውን በምሥራቅ በኩል እየተሠራ ወዳለው ፎቅ ቀና አድርገው፣ "ማሻአላህ፣ ወጣች" ይላሉ።

ለጢፋም ከወጥ ቤት ሆና፣ "እሰይ፣ አባ" ትላለች። ወጥታ ግን አታይም። ቀኑን ሙሉ መርፌ ላይ አቀርቅሮ የዋለ አንገት ለኮከብ ተብሎ አይቃናም። ካዩማ ደህና ናቸው ትላለች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ማመኑ ይቀላታል።

ከተከራዮቹ አንዷ ጊፍቲ የምትባል የቦረና ልጅ ናት፤ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ነው የምትማረው። ሹፌር ጀማለዲን እሷን ሲያገኙ ወሬያቸው ይከፈታል። አንድ ምሽት በረንዳው ላይ አስቀመጧትና፣ "እናንተ ጋ ሺዕራን ማን ትሏታላችሁ?" አሏት።

"ባሳ ነው የምንላት፣ አባባ። የኛ ሽማግሌዎች ጨረቃ ከየትኛው ኮከብ ጋር እንደወጣች እያዩ ቀን ይቆጥራሉ። ከሚያዩዋቸው ከዋክብት የመጨረሻዋ ባሳ ናት። ካምፓስ ደግሞ ሲሪየስ ነው የምትባለው። ፈረንጆቹ የውሻ ኮከብም ይሏታል።"

"ውሻ?" ሹፌር ጀማለዲን ከልባቸው ሳቁ። "መንገድ ሊሠራ የመጣ አንድ ቻይና ደግሞ ተኩላ ናት ብሎኛል፣ የሰማይ ተኩላ። እንግዲህ አንዱ አገር አስሮ ያሳድራታል፣ አንዱ አገር በጉን ይደብቅባታል። ቁርኣን ላይ ግን በስሟ ተጠርታለች፤ የሺዕራ ጌታ እሱ ነው ይላል። ከዚህ በላይ ክብር ከየት ይመጣል?"

ከዚያ አጋሮ ሱቅ ከነበረው የመናዊ የሰሙትን ነገሯት። ሺዕራ እህት አላት። ሱሃይል የሚባለው ኮከብ ወደ ደቡብ በሸሸ ጊዜ ሺዕራ የሰማዩን ወንዝ፣ ያንን ነጭ ጭረት፣ ተሻግራ ተከተለችው። እህቷ መሻገር አቅቷት ወዲህ ማዶ ቀረች። አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ዓይኗ እስኪፈዝ ድረስ። ስለዚህ ዓረቦቹ አንደኛዋን ተሻጋሪዋ፣ ሌላኛዋን ዓይነ ፈዛዛዋ ይሏቸዋል።

ለጢፋ በወጥ ቤቱ በር ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። "የቀረችው ያለቀሰችው በናፍቆት ነው ያለው ማነው?" አለች። "ሥራው ሁሉ እሷ ላይ ወድቆ ይሆናል።"

ጊፍቲ ሳቀች። ሹፌር ጀማለዲን አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ ለጢፋ ድምፅ አዞሩና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ።

የካቲት ውስጥ አንድ ቀን፣ ገና ሳይመሽ፣ መብራት ሄደ። የመብራት መሄድ ብርቅ አይደለም፤ ለጢፋ የስፌት መኪናው ሲቆምባት ተራገመች፣ ከዚያ የሚሠራ ነገር በማጣቷ ደስ አላት፣ ደስ በማለቷ ደግሞ አፈረች። ሹፌር ጀማለዲን ክፍላቸው ውስጥ እየሰገዱ ነበር። ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ በረንዳው ወጡ። አገጫቸውን ወደ ፎቁ ቀና አደረጉ። ጠበቁ።

"ዛሬ ደመና ነው መሰለኝ" አሉ።

ለጢፋ ግቢው መሀል ቆማ ነበር። ምን እንደነካት አይታወቅም፣ ከስንት ዘመን በኋላ ቀና አለች። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የደመና ዘር የለበትም። ኮከቧ ከአቮካዶው ዛፍ በላይ፣ ከፎቁ በጣም ከፍ ብላ ታበራለች። ጊፍቲም ከክፍሏ ወጥታ እያየቻት ነበር። ሹፌር ጀማለዲን የሚያዩበት ቦታ ላይ ግን ጥቁር ፎቅ ብቻ ነው ያለው። ጣሪያው ጫፍ ላይ ሌላ ጊዜ የሚበራው የጥበቃው አምፖል ጠፍቷል።

ለጢፋ አሁን ገባት። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ማሻአላህ ሲባል የነበረው ለአምፖል ነው። ጊፍቲን በዓይኗ ወደ ክፍሏ እንድትገባ ነገረቻትና በረንዳው ላይ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

"አባ፣ ደመና የለም። መብራት ሄዶ ነው። ሲያዩት የነበረው የዚያ ፎቅ አምፖል ነው።"

አገጫቸውን ከፎቁ ወደ እሷ መለሱ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "አውቃለሁ" አሉ።

"ምኑን ያውቃሉ?"

"ዕድሜ ልኬን ስከተላት ኖሬ፣ ኮከብ ወር ሙሉ አንድ ቦታ እንደማትቆም ይጠፋኛል እንዴ፣ ልጄ፣ ኢንተላ ኮ? ታኅሣሥ ላይ በፎቁ በኩል ነበረች። ይኼኔ ወደ ላይ ወጥታለች። የማየው እሷን እንዳልሆነ ካወቅሁ ቆየሁ።"

"ታዲያ ለምንድነው ወጣች የሚሉኝ?"

"ማታ ማታ እግርሽን ስትጎትቺ እሰማለሁ። ወጣች ስልሽ ድምፅሽ ቀለል ይላል። እኔን ይዘሽ ደግሞ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ልትዞሪ ነው?"

ለጢፋ ተናደደች። ሐኪም ቤት ይሂዱ ሲባሉ እምቢ ያሉት እሳቸው፣ የዋሿት እሳቸው፣ አሁን ደግሞ ለአንቺ ብዬ ነው ይላሉ። ልትጮህባቸው አፏን ከፈተች። ግን አንድ ማታ፣ አንዲት ማታ ብቻ፣ ከወጥ ቤት ወጥታ ቀና ብትል ኖሮ ውሸቱ እዚያው ያልቅ ነበር። ይህን ስታስብ አፏን መልሳ ዘጋች። "ነገ እንሄዳለን" አለች በመጨረሻ። እሳቸውም እምቢ አላሉም።

በማግስቱ ስፌት ቤቱን ዘጋችው። ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች ደንበኛ በር ላይ ቆማ ስትነጫነጭ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ አባቷን ባጃጅ ላይ ደግፋ አሳፈረቻቸው። ሐኪም ቤቱ እንደፈራችው ነበር፤ ወረፋው፣ ሙቀቱ፣ ጠባቡ አግዳሚ ወንበር። ከቀትር በኋላ ተጠሩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እሱም ደክሞታል፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። የአባቷን ዓይን በመሣሪያው ውስጥ ረጅም ጊዜ አየ። ግፊቱን ለካ። ደግሞ አየ።

"ሞራ ቢሆን ገፍፈነው ያዩ ነበር" አለ። "ይሄ ግን ግላኮማ ነው። የዓይን ግፊቱ ነርቩን ጎድቶታል። እስካሁን የጠፋው አይመለስም፤ የቀረችውን ትንሽ ብርሃን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን። ዓምና ቢመጡ ኖሮ ብዙ ማትረፍ ይቻል ነበር።"

ሹፌር ጀማለዲን አንገታቸውን ነቀነቁ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ የሰው ወሬ እንደሚሰማ ሰው ረጋ ብለው።

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠጋ። ቁጣ አይደለም፣ ግን ድምፁ ከረር ብሏል። "እንዲህ እስኪሆን ድረስ ግድግዳ እየዳሰሱ ነው የሄዱት፣ አባቴ። አብሮዎት የሚኖር ሰው እንዴት አላየም?"

ለጢፋ ወደ ሐኪሙ ዞረች። አብሬያቸው የምኖረው እኔ ነኝ ልትል ከንፈሯን አላቀቀች። አባቷ ቀደሟት።

"ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ዶክተር። ልጄ ጅዳ ናት። ይቺ ጎረቤቴ ናት፤ አላህ ይስጣት፣ ሥራዋን ዘግታ አመጣችኝ።"

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት፣ ፊቱም ፈታ አለ። "እግዚአብሔር ይስጥልን" አላት። "እንደርስዎ ያለ ጎረቤት ዛሬ ከየት ይገኛል?"

የአባቷ ክንድ እጇ ውስጥ ነበር። በሌላኛው እጃቸው ጣቶቿን ጫን አድርገው ያዙ፣ ዝም በይ ለማለት።

"አሜን" አለች ለጢፋ።