የግራዝማች ድርሻ

በ1931 ዓ.ም. የካቲት ላይ ደብረ ማርቆስ ወደነበረው የጣሊያን ጤና ቢሮ የፈንጣጣ ክትባት መጣ። መጣ ከተባለ ነው። ለአምበርና ለአካባቢዋ የደረሳት አሥራ ሁለት ቀጫጭን የመስታወት ቧንቧ ነበር፤ አንዱ ቧንቧ ለአምስት ሰው፣ ሁሉም ተደምሮ ለስድሳ ሰው። ስድሳ ሰው ማለት ለአንድ ክርስትና ከሚጠራው ዘመድ እንኳ ያነሰ ነው።

እኔ አንሙት እባላለሁ። ያን ጊዜ የቢሮው አስተርጓሚም ከታቢም ነበርኩ። ባንዳ ያሉኝ ነበሩ፤ ምን ልበላቸው፣ የጣሊያንን እንጀራ በልቻለሁ። ሥራውን ግን እወደው ነበር። ያስተማረኝ ጣሊያናዊው ሐኪም ትዕግሥት ያለው ሰው ነበር፤ ክንድ እንዴት እንደሚጫር በፍየል ቆዳ ላይ አንድ ወር ሙሉ አለማምዶኛል።

ስድሳው ሰው ማን እንደሚሆን የወሰነው ግን እሱ አይደለም። ጠመንጃውን አስረክቦ ለጣሊያን መግባቱን የሚያሳይ የመግቢያ ወረቀት የተቀበለ አባወራ ብቻ እንዲከተብ ከበላይ ታዘዘ፤ የስም ዝርዝሩም ተጽፎ መጣ። ሐኪሙ ዝርዝሩን ሲያነብ ፊቱ ጠቆረ።

«ፈንጣጣ የሚጨርሰው ልጆችን ነው። እዚህ ላይ አንድም ልጅ የለም» አለኝ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እንደተጻፈው አድርግ» ብሎ ፈርሞ ሰጠኝ። ነጭ ሰው ያለ ወታደር ከምሽጉ መራቅ የማይደፍርበት ጊዜ ስለነበር እኔ ብቻዬን ተላክሁ።

ዝርዝሩ ላይ የሌለች አንዲት ልጅ ነበረችኝ። አምበር የምትኖረው የእህቴ የየብርጓል ልጅ ታየች፣ ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ ደምለው ጠመንጃውን እንደያዘ ጫካ ገብቷል፤ ወረቀት የሚባል ነገር እነሱ ቤት አይታሰብም። ፈንጣጣው ደግሞ ከአምበር ወንዝ ማዶ ያለውን መንደር ይዞታል። ስለ ሥራዬ ብዙ ማውራት እችላለሁ፤ በዚያ መንገድ ላይ ልቤ የነበረው ግን እሷ ዘንድ ነው፣ አልዋሽም።

ቧንቧዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በትንሽ ገንቦ ውስጥ አድርጌ፣ በቅሎ ላይ አስሬ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ክትባት ሙቀት ካገኘው ከውሃ አይሻልም። ስለዚህ በየምንጩ እየወረድኩ ጨርቁን አርሳለሁ፤ መንገደኛው ሁሉ በገንቦው ውስጥ ጠላ የያዝኩ መስሎት ይቀልድብኛል።

አምበር ስደርስ አባወራዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ከጽዱ ጥላ ተሰልፈው ጠበቁኝ። የተሰለፉት እንደ ሰርግ ቤት አቀማመጥ በማዕረግና በዕድሜ ነው። ከሁሉም ፊት ግራዝማች እንዳላማው ነበሩ፤ ሰባ የተጠጉ፣ ጀርባቸው ያልጎበጠ፣ አገሩ ሁሉ የሚፈራቸውና የሚወዳቸው ሽማግሌ። ሴቶችና ልጆች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያያሉ። እኛ አገር ታላቅ ሳይቀምስ ለልጅ አይሰጥም፤ መድኃኒትም ያው እንደ ድግስ ሆኖ ነበር።

ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ቃኘሁት። ፈንጣጣ አንዴ የያዘውን ሰው ዳግመኛ አይነካውም። ከስድሳው ውስጥ አርባ የሚሆነው ፊቱ የተበሳሳ ነበር፤ ወይም ደግሞ በልጅነቱ በአገር ከታቢ እጁን የተበጣ። ለእነዚህ መስጠት ጠግቦ ለተኛ ሰው ማዕድ እንደማቅረብ ነው። የግራዝማችም ጉንጭና ግንባር በጠባሳ ተበሳስቷል።

«አባቶቼ፣ ልጆቹ ይቅደሙ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ። ከጣሊያን ቢሮ የመጣ አንድ ጎረምሳ ግራዝማችን ከሰልፍ ውጡ ሊላቸው ነው? የሚመልሱልኝን መልስ፣ የሽማግሌዎቹን ጉርምርምታ፣ የእህቴን ኀፍረት ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ሰማሁት። ማንም ምንም ሳይለኝ ተሸነፍኩ።

ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈጠርኩ። ፊቱ የተበሳሳውንና እጁ የተበጣውን ሁሉ በባዶ መርፌ፣ ውሃ እያስነካሁ እጭራለሁ። ምልክት የሌለበትን በእውነተኛው እከትባለሁ። የሚተርፈው ለልጆች ይሆናል። ብልህነቴ ራሴን አስደሰተኝ።

ግራዝማች ጋቢያቸውን ገልጠው ክንዳቸውን ሰጡኝ።

«ከዚህ በኋላ አይነካኝም?» አሉኝ።

«አይነካዎትም።»

«በእርግጥ?»

«በእርግጥ፣ ግራዝማች» አልኩና በውሃ ጫርኳቸው።

ሲያልቅ «ተርፏል፣ ልጆቹን አምጡ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። መጀመሪያ የጠራሁት ታየችን ነው። የደምለው ልጅ መሆኗን ግራዝማች ያውቃሉ፤ አንድ ጊዜ አዩኝ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው የሚያማትቡ መሰሉ። አርባ ልጅ ከትቤ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስኩ።

ከወር በኋላ የብርጓል ለገበያ መጥታ ቢሮ ድረስ ፈለገችኝ። ፈንጣጣው አምበር ገብቶ አሥራ አንድ ሰው እንደያዘና ከተከተቡት ልጆች ግን አንድም እንዳልታመመ ነገረችኝ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«ግራዝማች ናቸው የሚያሳዝኑት» አለች።

«ምን ሆኑ?»

«እኔ ተከትቤያለሁ ብለው ነዋ! የታመመ ያለበት ቤት ሁሉ ይገቡ ነበር። ውሃ ያጠጣሉ፣ ያገላብጣሉ፣ የሞተውን ይገንዛሉ። በፊት ፈንጣጣ የወጣበት ሰው ላግዝዎ ሲላቸው እንኳ እንቢ አሉ። ‹በዚህ የመግቢያ ወረቀት አንገቴን ደፍቼ ኖሬያለሁ፤ ክትባቱንም ያገኘሁት በእሱ ነው፤ እስቲ አንድ ደግ ነገር ልሥራበት› ይላሉ። አሁን በእሳቸው ላይ ወጣባቸው።»

«እሳቸው በልጅነታቸው ወጥቶባቸው የለም እንዴ?» አልኳት። እህቴ የማወራው አልገባትም።

በማግስቱ አምበር ነበርኩ። ከመንደሩ ራቅ ብሎ በተሠራ ጎጆ ውስጥ ብቻቸውን ተኝተዋል፤ እኔ የተከተብኩ ስለሆንኩ ገባሁ። ዓይናቸው አብጦ ተከድኗል፤ በድምፄ ነው ያወቁኝ።

«አንሙት፣ መድኃኒትህ እኔን እንቢ አለኝ» አሉ። ሊያጫውቱኝ ነው።

«ግራዝማች፣ ፊትዎ ላይ ያለው ጠባሳ የፈንጣጣ አይደለም?»

«ይሄ? ይሄማ የባሩድ ነው። ጎልማሳ ሳለሁ አሮጌ ጠመንጃ ፊቴ ላይ ፈነዳብኝ። አገር የሚያውቀው ነው እኮ።»

አገር የሚያውቀውን አንድ ቃል ጠይቄ መረዳት እችል ነበር። ፊታቸውን ማየት ሳያሳፍረኝ መጠየቁ ነበር ያሳፈረኝ። ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ባዶውን መርፌ፣ ውሃውን፣ «በእርግጥ» ያልኳቸውን። እያለቀስኩ ነበር።

ትንፋሻቸው ይሰማኛል። እንዲራገሙኝ ጠበቅሁ፤ ቢራገሙኝ ይቀለኝ ነበር።

«የኔን ድርሻ ለማን ሰጠኸው?» አሉ በመጨረሻ።

«ለታየች። ለደምለው ልጅ።»

«ያዛት?»

«አልያዛትም።»

«ጎሽ» አሉ። አንገታቸውን ወደ እኔ ለማዞር ሞከሩ፤ አልቻሉም። «ብትነግረኝ እኮ እሰጣት ነበር፣ ልጄ። እሷን አስከትቤ እኔ ቤቴ እቀመጥ ነበር።»