የአክስቴ ማስጫ ሜዳ

አክስቴ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት። እኔንም ያሳደገችኝ በዚሁ አንሶላ ነው፤ ከቤቷ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ጠዋት አስጥታ፣ ከሰዓት ሰብስባ። እኔ ደግሞ አድጌ ምን ሆንኩ? ለፀሐይ ኃይል ጣቢያ ቦታ መራጭ! የመሥሪያ ቤቴም ዓይን ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል እዚያው ሜዳ ላይ አረፈ። ፓኔሉ ወይ ሜዳው ላይ፣ ወይ ከከተማ ውጭ ባለው የተተወ የድንጋይ ካባ ላይ ይተከላል ተባለ። ሜዳው ከተመረጠ አክስቴ ልብስ የምታሰጣበት የላትም፤ ሥራዋም አበቃ።

በሁለቱም ቦታ የፀሐይ መለኪያ ተከልኩ። ውጤቱ ሲመጣ ካባው በሰፊው በለጠ። በደስታ እየበረርኩ የሜዳውን መለኪያ ልነቅል ብሄድ፣ ነጭ አንሶላ ለብሶ ጠበቀኝ።

«ይሄን ማን አለበሰው?» አልኩ። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል።

«እኔ ነኛ!» አለች አክስቴ ኮራ ብላ። «ፀሐዩ በበረታ ቁጥር እሸፍነዋለሁ። የመሥሪያ ቤት ዕቃ ተበላሽቶ ልጄ ቢጠየቅብኝስ?»

ክው አልኩ። የሜዳውን ልኬት ያሳነሰው የእሷ አንሶላ መሆኑን ስነግራት እየሳቀች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«በቃ፣ እኔም አላየሁ፣ አንቺም አልሸፈንሽ» አልኳት።

«አንተ! ሜዳ ሌላ ይገኛል። ውሸታም ልጅ ግን የት እወስደዋለሁ? ተነስ፣ አብሬህ እሄዳለሁ።»

አለቃዬ ሳቅ የማያውቁ ሴት ናቸው፤ አክስቴ ስትናዘዝላቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «እንደገና ለካ» አሉኝ። ለካሁ። ሜዳው በለጠ፤ በትንሹ ቢሆንም በለጠ። ውጤቱን ልናገር ስገባ አክስቴ አልቀርም ብላ ከጎኔ ቆመች። እኔ አቀርቅሬ ተናገርኩ፤ እሷ ግን ቀጥ እንዳለች ናት።

«ልብሱ ታዲያ የት ሊሰጣ ነው?» አሉ አለቃዬ።

«እንጃ» አልኩ።

«ካባው ላይስ ማን አለ?»

«ጅብም የለ።»

«ለዚህች ትንሽ ብልጫ ብለን ሰው እናፈናቅል እንዴ? ካባው ላይ ይተከል።»

አክስቴ አመስግና፣ ተረጋግታ ወጣች። ደረጃው ጋ ስንደርስ ግን ክንዴን ይዛ ቁጭ አለች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ልጄ» አለችኝ እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ «ሌላ ሜዳ እኮ የለም። ዞሬ ዞሬ ሁሉንም አይቻለሁ።»