በአልጋው እግር ላይ ያረፈች ተርብ

አልጋው በሩ ላይ ተቀርቅሯል፤ ልጃቸው ከውስጥ ይገፋል፣ ምራታቸው ከውጭ ትስባለች፣ አሮጊቷ ሁለቱንም ይሰድባሉ።

"አባትህ ብቻውን ያስገባውን ለሁለት ማውጣት አቃታችሁ?"

"ያኔ በሩ ሰፊ ነበር፣ እማዬ።"

"በሩስ ያው ነው። የወፈርከው አንተ ነህ።"

አልጋው እንደምንም ወጥቶ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። አሮጊቷ ዛሬ ጠቅልለው ልጃቸው ቤት ሊገቡ ነው። ምራቲቱ ግን አዲስ ቁም ሳጥን አሠርታለችና አልጋው አላማራትም።

"እማማ፣ ቅር አይበልዎትና፣ ነቀዝ ካለበት ቁም ሳጥኔን ይጨርስብኛል።"

"የኔ ባል እጅ የነካው እንጨት ነቀዝ አያውቅም። ይልቅ ላንቺው ቁም ሳጥን ፍሪለት።"

"እንግዲያው በእርስዎ ቃል ይግባ" አለችና ፍራሹን መኪና ላይ ልትጭን ከባሏ ጋር ሄደች።

ብቻቸውን እንደቀሩ አንዲት ጥቁር ተርብ መጥታ የአልጋው እግር ላይ አረፈች። ወገቧ ክር ያህላል፤ ጭራዋ ገላዋን ያህል ይረዝማል። በረጃጅም ቀንዶቿ እንጨቱን ስትዳብስ ቆየችና አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አለች። ከዚያ ጭራዋን እንደ መርፌ አቁማ ቀስ በቀስ ሰካችው።

አሮጊቷ አወቋት። ገና ሙሽራ ሳሉ፣ ለባላቸው ምሳ ይዘው አናጢ ቤቱ በሄዱ ጊዜ፣ እጃቸውን ይዞ እንዲህ ያለች ተርብ ወዳረፈችበት ግንድ ጎትቷቸው ነበር።

"አትፍሪ፣ ይቺ ሰው አትነድፍም። ውስጥ ያለው የነቀዝ ትል ሲያኝክ በእግሯ ትሰማዋለች። ወግታ ታደነዝዘውና እንቁላሏን ትጥልበታለች፤ ልጇ ትሉን በልቶ ያድጋል።"

"ምን ያለች ጨካኝ ናት።"

"ለልጇ ምሳ የምታኖር እናት ናት እንጂ። ትል በሌለበት እንጨት ደግሞ አትደክምም።"

ሽፋሽፍቱ ላይ ሰጋቱራ ነበረበት። ተርቧ ከበረረች በኋላም እጃቸውን አልለቀቀም።

አሁን ያየ ሰው የለም። እፍ ቢሏት ትሄዳለች፤ አልጋውም ይገባል። የወለዱበት፣ ባላቸውንም ያስታመሙበት አልጋ ነው። ጎንበስ አሉ፤ እፍ ሳይሉ ቀሩ።

"ምን እያዩ ነው እማማ?" አለች ምራቲቱ ከኋላቸው።

"ነቀዝ አለበት" አሉ ቀና ሳይሉ። "ይኸኛው እግሩ።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ባልሽ መጋዝ ያምጣና ከሥሩ ይቁረጠው። ሌላ እግር ይገጠምለታል። የቀሩትን አንድ በአንድ መርምሪ፤ እኔን አምነሽ እንዳታስገቢው።"

ልጃቸው መጋዙን ይዞ ሲመጣ ግን በርጩማ ስበው ተርቧ ካለችበት የአልጋው እግር ፊት ተቀመጡ።

"ቆይ" አሉት። "መጀመሪያ ትጨርስ።"