በነጥብ የሚጀምሩ መስመሮች

መመሪያ የሚያነብ ሰው እንደሌለ እያወቅሁ ስንት ዓመት መመሪያ ጻፍሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንዲት ጠባብ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ነበረችኝ። በሚሌኒየሙ ዓመት ለዜማ መጻሕፍት የምትሆን ፕሮግራም ሠራሁ። ማውዝ አታውቅም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ሲጻፍላት ብቻ ነው የምትሠራ። ሊቃውንቱ ከፊደሉ ራስ ላይ የሚጽፏቸው የዜማ ምልክቶች ኪቦርድ ላይ ስለሌሉ ለእያንዳንዳቸው ከፊደሉ አስቀድሞ የሚጻፍ ምትክ ሰጠኋቸው። ይዘት የሚባለው ምልክት ነጥብ ስለሚመስል ምትኩ ነጥብ ሆነ።

ፕሮግራሟ ግን ክፉ አመል ነበራት። በነጥብ የሚጀምር መስመር ካየች ለራሷ የተሰጠ ትእዛዝ ይመስላታል። ትእዛዙን ካላወቀችው አትጠይቅም፤ መስመሩን ውጣ ዝም ነው። ስለዚህ ከነጥቡ በፊት ባክስላሽ የሚባለውን ያዘመመ ሰረዝ መጨመር ግድ ነው። ይህንንም መመሪያው ላይ አስጠንቅቄ ጽፌዋለሁ።

መሪጌታ ያረጋል ማንኩሳ አጠገብ ባለ ደብር የሚያገለግሉ የዜማ መምህር ነበሩ። ያን ዓመት አልጋ ያዙ። በወጣትነታቸው ከመምህራቸው አፍ እየሰሙ የጻፉት ደብተር ነበራቸው፤ የደብራቸው ታቦት ሲነግሥ የሚባል፣ ሌላ ቦታ በዚያ አካሄድ የማይታወቅ ዜማ። ሙሉውን የሚያውቅ ከእሳቸው በቀር አልቀረም። ተማሪያቸው ዲያቆን ይታገሱ እንኳ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጎልማሳ፣ ግማሹን ሳይዝ ሕመሙ ቀደመ።

ይታገሱ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ መጣ። መመሪያውን አትሜ ሰጠሁት። ሦስት ወር ሙሉ እየተመላለሰ ጻፈ፤ እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ከደብተሩ ጋር አስተያየ፤ በየገጹ ስንት መስመር እንደጻፈ በእርሳስ ያዘ። ሲጨርስ ለኅትመት የሚያዘጋጀውን ትእዛዝ ሰጠሁ። ፕሮግራሟ ሠርታ የይታገሱን ጽሑፍ ራሷ ባዘጋጀችው ተካችው። ቦታ ለመቆጠብ ብዬ እንዲህ ያደረግኋት እኔው ነኝ። ቅጂ አላስቀረሁም። የማተሚያው ቀለም አልቆ ስለነበር ከባሕር ዳር እስኪመጣ በወረቀት አላየነውም።

በዚያው ሳምንት መሪጌታን ልንጠይቅ ሄድን።

«ንግሥቴ፣ ሁሉም ገባ?» አሉኝ።

«ሁሉም ገብቷል መሪጌታ። አንዲት ምልክት አልቀረችም።»

ሳላይ ነው ያልሁት። እንዲያ ደፍሬ የተናገርሁበት አፌ ይረገም።

ጉንጫቸው በእንባ ራሰ። «ተመስገን! እንግዲያ ደብተሩ ከእኔ ጋር ይሂድ። ከልፋፈ ጽድቄ ጎን አድርጉልኝ። መምህሬን ባዶ እጄን አልገናኛቸው።» ልፋፈ ጽድቅ ከሟች ጋር የሚቀበር የጸሎት መጽሐፍ ስለሆነ፣ ሌላ ደብተር ቢደረብበት ማንንም አልገረመም። በዘጠነኛው ቀን አረፉ። ደብተሩ ደረታቸው ላይ ሆኖ ተቀበሩ።

ቀለሙ የመጣው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነበር። ይታገሱ የታተመውን ይዞ ማዜም ጀመረና ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሶ ጀመረ፤ እዚያው ላይ ቆመ።

«ንግሥቴ፣ እዚህ ላይ ጎደለብኝ።»

በእርሳስ ከያዘው ጋር ቆጠርን። አርባ ሦስት መስመር የለም። ሁሉም በይዘት የሚጀምሩ ናቸው ማለት ነው።

«መመሪያውን ምነው አላነበብህም!» ብዬ ጮኽሁበት።

መመሪያውን ከኪሱ አወጣው። እጥፋቱ አልቋል፤ ከየመስመሩ ሥር በእርሳስ ተሰምሮበታል። የጻፍሁትን ሁሉ ያነበበልኝ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ማስጠንቀቂያው ሊኖር የሚገባበትን ቦታ ፈለግሁ። የለም። መመሪያውንም ያዘጋጀሁት በዚያችው ፕሮግራም ነበር፤ ማስጠንቀቂያውን የጀመርሁት ደግሞ በራሱ በነጥቡ ነው። ውጣዋለች። እኔ ስክሪኔ ላይ የጻፍሁትን እንጂ ወረቀት ላይ የወጣውን አንድ ቀን አላነበብሁም።

ይታገሱ አሥራ አንዱን መስመር ከቃሉ አስታወሰ። ሠላሳ ሁለቱ ቀሩ። «መቃብሩ ቢከፈትስ?» አልሁት። ፊቱን አዞረ። «ይኸ ሁሉ ዝናብ ወርዶበት? ደግሞስ እሳቸውን ማን ደፍሮ ይነካል?»

ለመሪጌታ ባለቤት ለእትየ እህተ ማርያም ሄጄ ነገርኋቸው። እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር። ሰሙኝና፣ «ደስ ብሎት ነው የሞተ» አሉ። «ያን ቀን ስትወጡ እህል ቀመሰ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። እኔ ምን ልበልሽ ልጄ?» ከዚያ የምቀመጥበትን አስተካከሉልኝ። አልቅሼ ወጣሁ።

በዓሉ ደረሰ። ከመሪጌታ በኋላ መሪ የሆነው ይታገሱ ነው። ከሌላ ዜማ ቆርጦ እንዲሞላው የመከሩት ነበሩ፤ እንቢ አለ። የጎደለው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁን አቆመ። ከበሮውም ጸናጽሉም ቆመ። ለጠፉት መስመሮች የሚበቃ ያህል መቋሚያውን ተደግፎ ጠበቀና ቀጠለ። በሴቶች በኩል ከእትየ እህተ ማርያም አጠገብ ቆሜ ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ነበር።

መመሪያውን በማግሥቱ አረምሁት። ማን ሊያነበው።

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አለፈው። ባለፈው በዓል ይታገሱ አዲስ ያስተማራቸው ተማሪዎች ነበሩ የሚመሩት። ያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁሉም እኩል ዝም አሉ፤ እኩል ጀመሩ። ከቡሬ የመጡ አንድ እንግዳ ቄስ አደነቁ። አንደኛው ተማሪ ኮራ ብሎ፣ «ዝም ማለቱም የዜማው ነው አባ፤ የመሪጌታ ያረጋል አካሄድ ነው» አላቸው።

ጫማዬን ሳደርግ ሰማሁት። ዝምታው የእኔ ነው ልለው አፌን ከፈትሁ፤ ግን እትየ እህተ ማርያም ክንዴን ይዘውኝ ነበርና ወደ ቤታቸው ሸኘኋቸው።