የአትክልት ስፍራው አስተናባሪ

ሠላሳ አንድ ዓመት በሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ሠርቻለሁ። «አትረብሹኝ» የሚል ካርድ የተንጠለጠለበትን በር አንድም ቀን አንኳኩቼ አላውቅም። ጡረታ ስወጣ ጎረቤቴ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ አንድ ዓለም አሳየችኝ፤ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ በተሳለ ገላ አትክልት ስፍራ ገብቶ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚጨዋወትበት።

ስገባ መረን ነበር። ሰው በሰው ገላ መሃል ሰንጥቆ ያልፋል፤ ሰላምታ የለ፣ ይሉኝታ የለ። አስተናባሪ አድርገው ሾሙኝና ቀጥ አደረግሁት። ሲገቡ ሰላም ይባላል። የሰው ኑሮና አድራሻ አይጠየቅም። ቆሞ ዝም ያለ ሰው አይነካም፤ ሥራ ይዞት ይሆናላ። ከሰው ቤት ድምፅ ካፈተለከ ደግሞ ማይኩን ቶሎ የምዘጋው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ የባልና ሚስት ጠብ ለሃያ ሰው ተሰምቶ፣ ሴትየዋ አፍራ በዚያው ቀርታለች። ገመና መሸፈን ያስከብራል እንጂ አያስነቅፍም፤ እንዲያ ነበር የማስበው።

ደንቤን ከልባቸው የሚያከብሩልኝ ሰዓት ሠሪው ነበሩ። ከሱቃቸው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ይገቡና የተሳለ ባርኔጣቸውን አንስተው «እንዴት አደርሽ እህቴ?» ይሉኛል። ምን እደብቃለሁ፣ ለእሳቸው ስል ፀጉሬን አበጥሬ እቀመጥ ነበር። የማይታይ ፀጉር!

አልገዛም ያለችኝ ጡሩምባ ናት። ጫማ ሻጭ ናት፤ ቅጽል ስሙን ያወጣንላት ለድምጿ ነው። አንድ ቀን በሰው ፊት «ጋሼ፣ ሱቅዎ የት ነው? የአባቴ ሰዓት ቆሞብኛል» አለቻቸው። እሳቸውም መንገዱን ከነስልኩ ነገሯት። ለብቻዋ ጠርቼ ልክ ልኳን ነገርኳት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሰዓት ሠሪው ገቡና፣ ባርኔጣቸውን ሳያነሡ ወንበሩ አጠገብ ቆመው ቀሩ። ከማይካቸው የሆነ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ቀጥሎ ማቃሰት፣ ከዚያ ወለል የመቧጠጥ ድምፅ መጣ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሆዳቸውን አሟቸው ይሆናል ብዬ አፈርኩላቸው። ማይካቸውን ዘጋሁት።

«ኧረ ሰውዬው እየተጣሩ ነው! ምን አስዘጋሽ?» ብላ ጡሩምባ ጮኸች።

«የሰው ገመና አደባባይ አይወጣም።»

«የምን ገመና! ጋሼ! ጋሼ፣ ይሰሙኛል?» እያለች የቆመውን ገላ ትነቀንቅ ጀመር።

«እጅሽን ሰብስቢ! ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሲመቻቸው ራሳቸው ይናገራሉ።»

እንቢ አለች። አባረርኳት። የነበረው ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ፤ ደስ አለኝ።

ያን ቀን ማንም እንዳይጠጋቸው ስጠብቅ ዋልኩ። ረቡዕም እዚያው ቆመው ነበር። ግር አላለኝም ብል ውሸት ነው። ግን ደንቡን ያወጣሁት እኔ፣ ሴትየዋን ያባረርኩት እኔ፤ በምን አፌ ልጠይቅ? ከሰዓት በኋላ ገላቸው ጠፋ። ጎሽ፣ ሥራቸውን ጨረሱ አልኩ።

በስድስተኛው ሳምንት ተመልሰው ገቡ። አንደበታቸው ይተሳሰራል።

«ጭንቅላቴ ውስጥ ደም ፈሶ ነው የወደቅሁት» አሉኝ። «ያቺ ልጅ ማክሰኞ ሱቄ ስትደውል ዋለች። ረቡዕ ከሥራ አስፈቅዳ መጣችና በሩን አሰበረች። ሐኪሞቹ ያኔውኑ ቢደረስልህ እጅህ ይተርፍ ነበር አሉኝ። ቀኝ እጄ ከእንግዲህ ወረንጦ አይዝም። ሱቁን ዘጋሁት።»

ክው አልኩ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አላወቅሁም፤ እኔ ለክብርዎ ብዬ...»

«አውቃለሁ። የዘጋሽው ማይኬን ነው እንጂ የእናንተ ድምፅ ይመጣ ነበር። ወለሉ ላይ ተኝቼ ስትከራከሪልኝ ሰማሁ። ሲያጨበጭቡልሽም ሰማሁ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግራ እጃቸው የኮምፒውተሩን ቁልፍ እስኪያገኘው ትንሽ ዘገዩ። ከዚያ እንደ ወትሮው ባርኔጣቸውን አነሡልኝና «ደህና ዋይ፣ እህቴ» ብለውኝ ወጡ።

ምነው ሰድበውኝ በሄዱ።